መቆንጠጫው አንዴ ይገዛል፣ እንፋሎቱ ግን በየቀኑ

የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ቀለበት በሠራ ቁጥር መቆንጠጫውን አይጥልም። ይጠርገዋል፣ ያስለዋል፣ ለልጁም ያወርሰዋል። ከፒያሳ በአራት ኪሎ አድርጎ ወደ ቀበና ሲወረድ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ነው። እዚያም የሚያዘው መሣሪያ ከወርቅ ሠሪው ብዙ አይርቅም። ይጣል ወይስ ይታጠብ የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬ የገበያ ጥያቄም ሆኗል።

ምክንያቱ ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ጭማሪውን በየካርቶኑ ይከፍላል። ጥሩ የብረት መቆንጠጫ የገዛ ግን ለዓመታት ይገለገልበታል።

ፈላጊው ብዙ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው በቀዶ ሕክምና የሚወገደው ሞራ ነበር። (ፈላጊ ስንል ተራ የሚጠብቁ ሰዎችን ማለታችን ነው።)

«ያገለገለ መሣሪያ ያመረቅዛል» የሚለው ሥጋት ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ግን በአስተጣጠቡ ነው። የሕንዱ አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ጋውን ሳይቀር አጥቦ ይገለገላል። 2 ሚሊዮን ገደማ ቀዶ ሕክምናዎች በተመዘገቡበት ጥናቱ፣ አንቲባዮቲክ በዓይናቸው ውስጥ ከተሰጣቸው መካከል ያመረቀዘባቸው ከ10,000 ሁለት ያህል ናቸው። በአሜሪካ ትልቁ መዝገብ ቁጥሩ አራት ገደማ ነው። መድኃኒቱ የበኩሉን ማገዙ አይካድም። የእንግሊዝ ሆስፒታል ለአንድ የሞራ ቀዶ ሕክምና የሚለቀው ካርቦን ደግሞ ከአራቪንድ ቢያንስ 20 እጥፍ ይበልጣል።

አስመጪው የሚዘነጋው እንፋሎቱን ነው። መሣሪያው ቆሻሻው ሳይደርቅበት ይታጠባል፣ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፣ ተጠቅልሎ በአውቶክሌቭ ውስጥ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይቆያል። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ከሁሉም አስቸጋሪው ቀጭኑ ቱቦ ነው፤ ውስጡ አይታይም፣ የቀረበት ሳሙና ዓይን ያቆስላል።

ስለዚህ ጨረታ የሚሞላ ነጋዴ የመቆንጠጫውን ዋጋ ብቻ ጽፎ ቢያቀርብ ሒሳቡ ጎዶሎ ነው። የአውቶክሌቩ ጎሚኒ፣ ሙቀቱ መድረሱን በቀለም የሚያሳየው ቴፕ፣ ማሽኑን የሚጠግነው ባለሙያ ደመወዝ፣ ጄኔሬተሩም ነዳጁም በዚያው ወረቀት ላይ መግባት አለባቸው።