ጓዝ ሲሸከፍ የሚዝል ልብ
ቤት ለመቀየር የሚዘጋጅ ሰው ከሸክሙ ብዛት ይልቅ የሚያዝለው፣ እያንዳንዱ ዕቃ ይወሰድ፣ ለዘመድ ይሰጥ ወይስ ለቁራሌው ይሸጥ እያለ ውሳኔ የሚጠይቀው መሆኑ ነው። በዚህ ላይ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያመለከቱት «የዕቅድ ስሕተት»፣ ማለትም ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ አሳንሶ የመገመት ዝንባሌ ሲታከልበት፣ በሁለት ቀን ያልቃል የተባለው ሽከፋ ሳምንት ይወስድና ተስፋ ያስቆርጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው «የአፈጻጸም ውጥን»፣ ይኸውም ሥራን ከታወቀ ጊዜና ቦታ ጋር አስቀድሞ ማሰር፣ እዚህ ላይ በእጅጉ ይረዳል፤ «ቀስ በቀስ ይሸከፋል» ከሚል ምኞት ይልቅ «ዛሬ ከእራት በኋላ የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ይራገፋል» የሚል ቁርጥ ሐሳብ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ከራስ ጋር መሟገትን ያስቀራልና። ፎቶግራፍና ደብዳቤ ግን፣ የቱንም ያህል ቀላል ቢመስሉ፣ ለመጨረሻ ቢቆዩ ይሻላል፤ አልበም የገለጠ ሰው የዚያን ምሽት ሌላ ካርቶን መሙላቱ ያጠራጥራል።