ከየቲሙ ጋር የሚኖሩትን አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ከአገልግሎት ማገናኘት



ለአንድ የቲም የሚላከው ወርኃዊ ድጋፍ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በአያት እጅ ነው። በዚያው ቤት አካል ጉዳተኛ ወንድም ወይም እኅት ሊኖርም ይችላል። የአያት ዓይን ሲደክም እጃቸውን ይዞ የሚመራው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ በመጨረሻም ከትምህርት ገበታው የሚቀረው ያው የቲሙ ነው። የአሳዳጊውን ጤናና ኑሮ ትቶ የቲሙን ብቻ መርዳት፣ ምሰሶው ለዘመመ ቤት ክዳን እንደ መቀየር ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን የመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል። ይሁን እንጂ አገልግሎት መኖሩ አንድ ነገር ሲሆን እርሱን ማግኘት ደግሞ ሌላ ነው። መራመድ የተሳነው ወደ ቀበሌ ሊመላለስ፣ ያላነበበው የምዝገባ ማስታወቂያ ሊያይ፣ መታወቂያ የሌለውም በስሙ ሊመዘገብ አይችልም። ስለዚህ የጎደለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን መንገዱን የሚያውቅና አብሮ የሚሄድ ሰው ጭምር ነው። ከዚህ ቀጥሎ ዋና ዋናዎቹን መንገዶች እናስረዳለን።

አንደኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ይህ ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ኋላ በሰፊው ተስፋፍቷል። አባወራዎችና እማወራዎች በዓመት መዋጮ እየከፈሉ ይታከማሉ፤ መክፈል የማይችሉ ድኾች ግን በማኅበረሰቡ ሲለዩ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ምዝገባውና እድሳቱ የተወሰነ ወቅት ስላለው ቀኑን አስቀድሞ መጠየቅ፣ የየቲሙም ስም በደብተሩ ላይ መሥፈሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሕክምናውም ከጤና ጣቢያ መጀመር አለበት፤ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ወጪውን ራሱ ለመክፈል ሊገደድ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሴፍቲኔት ነው። በገጠር በ1997 ዓ.ም.፣ በከተማ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች በተጀመሩት ፕሮግራሞች፣ መሥራት የሚችሉ ሠርተው ሲከፈላቸው፣ መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ የሚረዱበት ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል ነበራቸው። የተጠቃሚዎች ምልመላ በየቦታውና በየጊዜው ስለሚለያይ፣ በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የዓይን ሕክምና ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአገራችን ካሉት ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። እንግዲህ «እርጅና ነው» ተብለው ጥግ የተቀመጡ አያት ተመርምረው ቢታከሙ፣ እርሳቸው ብርሃናቸውን፣ የልጅ ልጃቸውም ትምህርቱን መልሰው ሊያገኙ ይችላሉ።

አራተኛ፣ የአካል ድጋፍ መሣሪያ ነው። በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በባሕር ዳርና በአርባ ምንጭ የሚገኙት የአካል ተሐድሶ ማእከላት ሰው ሠራሽ እግርና ክራንች ይሰጣሉ። ለጋሾች በቅን ልቦና ተሽከርካሪ ወንበር ገዝተው ሲሰጡ ይታያል። ነገር ግን ለተጠቃሚው ሰውነት ሳይለካ የተሰጠ ወንበር፣ በተለይ ስሜት በሌለው ገላ ላይ፣ ቁስል ሊያመጣና አከርካሪን ሊያጣምም ይችላል። ስለሆነም ባለሙያ ይለካ፤ የለጋሹ ገንዘብም ለዚሁና ለመጓጓዣው ይዋል።

አምስተኛ፣ የተተኪ ጡረታ ነው። ሟች አባት ወይም እናት የመንግሥት ሠራተኛ ከነበሩ፣ ወይም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በግል ድርጅት ጡረታ ታቅፈው ከነበሩ፣ ልጆቻቸውና በእነርሱ ይረዱ የነበሩ ወላጆቻቸው መብት ሊኖራቸው ይችላል። ጊዜው ካለፈ ጥያቄው በይርጋ ሊታገድ ስለሚችል፣ ይደር ሳይባል ማስረጃ ይዞ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ለጋሾች ስለ የቲሙ ሲጠይቁ፣ በቤቱ ውስጥ ዓይኑ የደከመ፣ መራመድ ያቃተው፣ መታወቂያ ወይም የጤና መድን የሌለው ሰው መኖሩንም ይጠይቁ። ቤተሰቦች ችግራቸውን ሳይሸሽጉ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ለቀበሌው ይንገሩ፤ አካል ጉዳተኛ ልጅን እቤት መደበቅ ከመብቱ ማራቅ ነውና። የመስጂድ ጀምዓዎች ደግሞ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወጣቶችን መድበው አረጋውያኑን ወደ ጽሕፈት ቤትና ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱ፤ ጉዳዩ እስኪያልቅም ይከታተሉ። የአንድ ቀን የትራንስፖርት ወጪና የአንድ ወጣት ግማሽ ቀን፣ ለአንድ ቤተሰብ የዓመት ሕክምና በር ሊከፍት ይችላል።

አላህ ሥራችንን ይቀበለን።