ላሽ ሁሉ አንድ አይደለም

በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ በራስ ላይ ድንገት ፀጉር ረግፎ ክብ መላጣ ሲታይ ሕመሙ በአብዛኛው ላሽ ይባላል፤ ሐኪሞች አሎፔሺያ አሬታ የሚሉት ዓይነት ግን ከውጭ በገባ ተሐዋስ ሳይሆን፣ ሰውነትን ከበሽታ እንዲጠብቁ የተሰለፉት ነጭ የደም ሕዋሳት የፀጉርን ሥር እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲያጠቁት የሚፈጠር ነው። ከ100 ሰዎች 2 ያህሉን በሕይወት ዘመናቸው የሚያገኘው ይህ ሕመም ፀጉሩን ቢያረግፍም ሥሩን ስለማያጠፋው፣ መላጣው ጥቂትና ትንሽ በሆነባቸው ብዙዎች ዘንድ ፀጉሩ ያለ መድኃኒት ተመልሶ ይበቅላል፤ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ቢወጣም አያስደነግጥም።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። ለምጽ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክና ከልጅነት የሚጀምረው የአለርጂ ችፌ በእነዚህ ታማሚዎች ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛሉ፤ በተለይ ችፌ ያለበት ሰው ላሹ ሊጠናበት ይችላል። የሚገርመው ተቃራኒውም መኖሩ ነው፤ ሶራያሲስ የሚባለው፣ ቆዳን አወፍሮ ቅርፊት የሚያስወጣው ሕመም በተደረበባቸው አንዳንድ ታማሚዎች ላይ ፀጉሩ የበቀለው ቅርፊቱ ባለበት ቦታ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ሐኪሞችም ዳይፌንሲፕሮን የተባለ ኬሚካል እየቀቡ፣ ሆን ብለው ቀላል የአለርጂ ቁጣ በማስነሳት ፀጉር ለማስበቀል ይሞክራሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ አነስተኛ የኢራቅ ጥናት የሽንኩርት ጭማቂ የተቀቡት ውሃ ከተቀቡት በተሻለ ፀጉር አብቅለዋል፤ ይህ ግን ነጭ ሽንኩርት ለማሸት ልማድ ማስረጃ አይሆንም፤ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳን የሚያቃጥል መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት አሎፔሺያ አሬታን ከቆረቆር ጋር ማምታታት ነው። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ ያሳክካል፣ ይቀርፋል፣ ፀጉሩን ከሥሩ ላይ ይሰብራል፣ በማበጠሪያና በመላጫ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። በሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ ውሎ የእጁ ቆዳ ለተቆጣበት አራሚ የተሰጠው የስቴሮይድ ቅባት ለልጁ ራስ ቢውል፣ ቅባቱ የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም መቅላቱ ሲደበዝዝ ፈንገሱ ይስፋፋል፤ ቆረቆር የሚድነው እንደ ግሪሲዮፉልቪን ባለ የሚዋጥ መድኃኒት ነው።

ስለዚህ ወላጆች ማንኛውንም ቅባት ከመቀባታቸው በፊት ልጁን በጤና ጣቢያ ያስመርምሩ፤ ሕመሙ አሎፔሺያ አሬታ ከሆነ ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ ከትምህርት ቤት አያስቀሩት፣ ከእኩዮቹም አይለዩት።