ስምንት ቀዳዳ፣ ስምንት ብርሃን
የራዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም ከኮዬ ፈጬ

(ድምፅ፦ ፎቶ ኮፒ መሣሪያ ሲሠራ፤ ከውጭ የታክሲ ረዳት ጥሪ። ድምፁ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል።)

ተራኪ፦ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ወዲያ በተዘረጋው ሜዳ ላይ፣ ትናንት የገበሬ ሞፈርና ቀንበር ይመላለስበት በነበረው እርሻ፣ ዛሬ በብሎክ ቁጥር የሚጠሩ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ረድፍ በረድፍ ቆመው ይታያሉ፤ ስፍራው ኮዬ ፈጬ ነው። በየካቲት ወር 2011 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ሳይቶች የተሠሩ ከ51 ሺህ የሚበልጡ ቤቶች ዕጣ በወጣ ጊዜ፣ የዚህ ስፍራ ስም በአንድ ወገን በባለ ዕድሎች እልልታ፣ በሌላው ወገን ከመሬታቸው በተነሡ ገበሬዎችና ለእነርሱ በተቆረቆሩ ሰዎች ቅሬታ፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰምቶ ነበር። ያ ታሪክ ራሱን የቻለ ሰፊ ፕሮግራም የሚገባው ስለ ሆነ ለሌላ ቀን እናቆየውና፣ ከነዚህ ብሎኮች በአንዱ ምድር ቤት ወደምትገኝ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እንግባ።

ሱቋ ጠባብ ናት። አራት ኮምፒዩተሮች፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ፎቶ ኮፒ መሣሪያ ተጠጋግተው ተቀምጠውባታል፤ በደጃፏም «ሲቪ እንጽፋለን፣ ፎርም እንሞላለን፣ ላሚኔት እናደርጋለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከኤሌክትሪክ ዲቫይደሩ በላይ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የተገዛች አመድማ የብረት ሣጥን በሁለት ሚስማር ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች፤ ባለሙያዎች ሃብ የሚሏት ይህች ናት። በፊቷ ፖርት የሚባሉ ስምንት ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች አሏት፤ ከእያንዳንዱም ፖርት በላይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለች። በግራ ጠርዟ «ፓወር» የሚል ጽሑፍ ያላት መብራት፣ ከእርስዋም አጠገብ «ኮሊዥን» የሚል ጽሑፍ ያላት ቀይ መብራት ይገኛሉ።

የእነዚህን ብርሃናት ንባብ ለመሐንዲስ ብቻ የተሰጠ ምሥጢር አድርጎ መቁጠር፣ በእኛ አስተያየት፣ ታላቅ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የዕለት እንጀራው በዚች ሣጥን በኩል የሚያልፍ ሰው፣ ሣጥኒቱ የምትነግረውን ማንበብ ባለመቻሉ፣ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ሽቦውን ሁሉ ነቅሎ መልሶ ሲሰካ፣ ደኅና የነበረውን ያበላሻል፤ የተበላሸውንም ከቶ ሳያገኘው ይቀራል።

(ድምፅ፦ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሽውታ፤ ለጥቂት ጊዜ ቆይቶ ይጠፋል።)

የሃብ ታሪክ መነሻ ይኸው እናንተ አሁን የምታዳምጡት ሬዲዮ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1971 በውቅያኖስ መካከል ተበታትነው በሚገኙ ደሴቶች ላይ የነበሩትን ኮምፒዩተሮች በሬዲዮ ሞገድ ለማገናኘት አሎሃኔት የተባለውን ሥርዓት ዘረጉ፤ በዚያም ሥርዓት ጣቢያዎቹ አንዱን ሞገድ በጋራ ይጠቀሙበት ስለ ነበር፣ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት የተናገሩ እንደ ሆነ ንግግራቸው ተደባልቆ ይጠፋ፣ የጠፋበትም ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይናገር ነበር። ይህን ሥራ በጥልቀት ያጠናው አሜሪካዊው ሮበርት ሜትካፍ፣ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ተቀጥሮ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 1973 በጻፈው ማስታወሻ፣ ሞገዱን በሽቦ ተክቶ፣ ኮምፒዩተሮች በአንድ ሽቦ በጋራ የሚነጋገሩበትን ኤተርኔት የተባለ ሥርዓት አቀረበ፤ ከባልደረባው ከዴቪድ ቦግስም ጋር ሆኖ በሥራ ላይ አዋለው። በመጀመሪያ ሽቦው ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚሻገር አንድ ወፍራም ኬብል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ግን ለስልክ በሚያገለግለው ዓይነት የተጠማዘዘ ቀጭን ሽቦ መጠቀም የሚያስችለው ደንብ ጸደቀ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የየራሱን ሽቦ ይዞ ወደ አንድ ማዕከል የሚመጣ ሆነ፤ ያም ማዕከል ሃብ ነው። በአገራችንም፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ከተዘረጋ ከምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጥር 1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር፣ ዓለም በየቢሮው ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ዕቃ ይኸው ነበረ።

ሃብ የማስተዋል ኃይል የላትም። በአንዱ ፖርት የገባውን የኤሌክትሪክ ምልክት ታድሰዋለች፣ የደከመውን ታበረታዋለች፣ በቀሩትም ፖርቶች ሁሉ ታወጣዋለች፤ ለማን እንደ ተላከ ግን አትመረምርም። የዕድር ጡሩምባ ነፊ ተረኛውን ድንኳን ተካይ ለመጥራት በሌሊት ሲወጣ ሰፈሩን በሙሉ እንደሚቀሰቅስ፣ ተረኛውም ሲነሣ ሌላው ሁሉ ተመልሶ እንደሚተኛ፣ በሃብ ላይ የተሰካ ኮምፒዩተርም የሁሉን መልእክት ይሰማል፤ በላዩ የተጻፈው አድራሻ የእርሱ ካልሆነ ግን ይተወዋል። የሚተወውም በጨዋነቱ ነው እንጂ ማየት ተከልክሎ አይደለም፤ ስለዚህ ሰው የፓስፖርት ማመልከቻውን፣ የልደት የምስክር ወረቀቱንና የባንክ ወረቀቱን ይዞ በሚመጣባት በእንዲህ ያለች ሱቅ፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጫነ ሰላይ ፕሮግራም፣ ሳይሸፈን የሚያልፈውን የጎረቤቱን መልእክት ሁሉ ሊያነብ ይችላል። ይህን ነገር አቅልለን ልናልፈው አንወድም።

አሁን ወደ ቀይዋ መብራት እንመለስ። ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ቅጽበት የላኩ እንደ ሆነ ምልክቶቻቸው ይጋጫሉ፤ ሃቧም ግጭቱን ለሁሉም ታስታውቃለች፤ ኮሊዥን የተባለችውም መብራት ብልጭ ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር በእውነት የሚያስደንቅ ሥርዓት ነው። የተጋጩት ሁለቱም ዝም ይሉና እያንዳንዱ በየግሉ ዕጣ ያወጣል፤ የመጀመሪያው ግጭት ከሆነ ከ0ና ከ1 አንዱን፣ ሁለተኛው ከሆነ ከ0 እስከ 3፣ ሦስተኛው ከሆነ ከ0 እስከ 7 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያነሣና በወጣለት ቁጥር ልክ ይታገሣል። በሰከንድ 10 ሚሊዮን ቢት በሚያስተላልፈው በዚህ በአሮጌው ዓይነት ኔትወርክ፣ አንዱ የትዕግሥት ክፍል 51.2 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ግጭቱ በበዛ መጠን የሚጠበቀው ጊዜ እየሰፋ ይሄዳል፤ 16 ጊዜ ሞክሮ ያልሆነለት ግን ያን መልእክት ይጥለዋል።

እንግዲህ ቀይዋ መብራት አልፎ አልፎ ብልጭ በማለቷ ብቻ ሃቧ ተበላሸች ብሎ መደንገጥ አይገባም፤ አንዱን መንገድ በጋራ የሚጠቀሙ ሁሉ የሚገጥማቸው የዘወትር ነገር ነው። ሳታቋርጥ የበራች እንደ ሆነ ግን ከሦስቱ ነገር አንዱን መጠርጠር ይገባል፤ ወይ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ተጭኗል፣ ወይ የአንዱ ኮምፒዩተር የኔትወርክ ካርድ ተበላሽቶ ያለማቋረጥ ይለፈልፋል፣ ወይም አንዱ ኮምፒዩተር በሰው እጅ፣ እየላከ እንዲቀበል፣ ማለት በፉል ዱፕሌክስ እንዲሠራ ተደርጓል፤ ይህ ደግሞ በሃብ ላይ የማይቻል ነው። በአንዱ ፖርት ላይ ግጭቱ ተከታትሎ ከ30 ጊዜ በላይ ሲደርስ፣ ሃቧ ያን ፖርት ለብቻው ለይታ ታስቀምጠዋለች፤ ሌሎቹም ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በአንዳንድ ሃቦች ላይ «ፓርቲሽን» የሚል ጽሑፍ ያላት መብራት የምትናገረው ይህንኑ ነው።

(ድምፅ፦ ፕላስቲክ መሰኪያ ቀጭ ብሎ ሲገባ።)

ይህች አሁን የሰማችኋት የ«ቀጭ» ድምፅ ኬብሉ ፖርቱ ውስጥ በሚገባ መያዙን ትናገራለች፤ ከዚያም አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች። ይህችን መብራት የሚያበራት ምንድር ነው? ኬብሉ መሰካቱ ብቻ አይደለም፤ በማዶው ያለው ኮምፒዩተር፣ የሚልከው መልእክት ባይኖረው እንኳ፣ በየ16 ሚሊ ሰከንዱ ገደማ አንዲት አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፤ ሃቧም ያቺን ምት በሰማች ጊዜ «አለ» ስትል መብራቷን ታበራለች። በብዙዎቹ ሃቦች መብራቷ ጸንታ ስትበራ መገናኘትን፣ ስትርገበገብ ደግሞ የመልእክት ማለፍን ታመለክታለች። ከዚህ አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይከተላል፤ የሃቧ መብራት የምትመሰክረው ከኮምፒዩተሩ ወደ ሃቧ ስለሚመጣው መንገድ ብቻ ነው፤ ከሃቧ ወደ ኮምፒዩተሩ ስለሚሄደው መንገድ የምትመሰክረው፣ በኮምፒዩተሩ ጀርባ፣ በቀዳዳው አጠገብ ያለችው ሌላዋ መብራት ናት።

በሱቋ ውስጥ በአንዱ ጠዋት የተደረገውን ንግግር አድምጡ።

ባለ ሱቋ፦ ይሄኛው ከጠዋት ጀምሮ እምቢ አለ። ሦስቱ ይሠራሉ። ሣጥኑ ላይ እኮ መብራቱ በርቷል፣ ልጄ!

ባለሙያው፦ ሣጥኑ ላይ በርቷል፣ እትዬ። ኮምፒዩተሩ ጀርባስ? እስቲ ጎንበስ ብለው ይዩልኝ።

ባለ ሱቋ፦ እሱማ ጨለማ ነው።

ባለሙያው፦ በቃ፣ አረንጓዴው ሽቦ ነው። ቆይ፣ ይህን ጫፍ ልቁረጠው።

ተራኪ፦ ወጣቱ ነገሩን በግምት አልተናገረም። በኬብሉ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ በመሰኪያውም ውስጥ የሚሰለፉት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ነጭ ከብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ከሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ከቡኒ፣ ቡኒ። ከስምንቱ ይህች ሃብ የምትጠቀመው በአራቱ ብቻ ነው፤ በብርቱካኑ ጥንድ ኮምፒዩተሩ ይናገራል፤ በአረንጓዴው ጥንድ ይሰማል። ሃቧ የኮምፒዩተሩን ምት ሰምታ መብራቷን ካበራች ብርቱካኑ ደኅና ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን የሃቧን ምት ካልሰማ የተቋረጠው አረንጓዴው ነው። ባለሙያውም ጫፉን ቆርጦ ቢያየው፣ የወንበር እግር ሲጫነው የኖረው ሽቦ ከመሰኪያው አጠገብ ተሰብሮ ተገኘ። የውጭውን ልባስ ገፈፈ፤ ጥንዶቹን ከ13 ሚሊ ሜትር አብልጦ ሳይፈታ በየቀለማቸው ደረደራቸው፤ ጫፋቸውን አስተካክሎ በአዲስ መሰኪያ ውስጥ አገባቸውና ክሪምፐር በሚባለው መሣሪያ ጨመቃቸው። ሁለቱም መብራቶች በሩ፤ በሱቋ ሲጠብቅ የነበረ ደንበኛም ሲቪውን ይዞ ወጣ።

በሃቧ ቀኝ ጠርዝ ስላለው፣ «አፕሊንክ» የሚል ጽሑፍ ስላለበት ፖርት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእርሱ ነውና። በተራው ፖርት ውስጥ፣ ኮምፒዩተሩ የሚናገርበት ሽቦ ከሃቧ መስሚያ ጋር እንዲገጥም መንገዱ ተሻግሮ ተሠርቷል። ሃብን ከሃብ ጋር በተራ ኬብል ለማገናኘት ሲፈለግ ግን ሁለቱም ወገን ተሻግሮ ከሆነ መናገሪያ ከመናገሪያ ጋር ይገጥምና መብራቱ አይበራም፤ ስለዚህ አንዱ ወገን ያልተሻገረ መሆን አለበት፤ አፕሊንክ ያ ያልተሻገረው ነው። በብዙዎቹ ሃቦች አፕሊንክ ከአጠገቡ ካለው ፖርት ጋር በውስጥ አንድ ስለ ሆነ፣ ሁለቱም ላይ ኬብል የሰካ ሰው ሁለቱንም ያጣል። በአንዳንዶቹ በሁለት ፖርት ፈንታ አንዲት የምትጫን ቁልፍ አለች። አንዱ ኬብል ከ100 ሜትር መብለጥ እንደሌለበት፣ በዚህ በአሮጌው ዓይነት ኔትወርክ በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከልም ከአራት ሃብ በላይ መደርደር እንደማይፈቀድ፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ በመስኮት ኬብል እያወረዱ አንዱን ኢንተርኔት የሚጋሩ ጎረቤቶች ሊያውቁት ይገባል።

ዛሬ በገበያ የሚገኘው፣ መልኩም ከሃብ የማይለየው ስዊች፣ የእያንዳንዱን ኮምፒዩተር አድራሻ በየትኛው ፖርት እንዳለ መዝግቦ ይይዛል፤ መልእክቱንም ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል፤ ኮሊዥን የምትባል መብራትም የለችውም። አረንጓዴና ብርቱካን መብራቶቹ ፍጥነትን ሲለዩ፣ የትኛው ቀለም የትኛውን ፍጥነት እንደሚያመለክት በየፋብሪካው ስለሚለያይ፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። እኛ ለባለ ሱቋ የምንመክራት አሮጌዋን ሃብ አውርዳ ስዊች እንድትሰቅል ነው፤ ይህንም የምንለው ስለ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከላይ ስላነሣነው ስለ ደንበኞቿ ምሥጢር ጭምር ነው።

ሃቧም ሆነች ስዊቹ መብራታቸው ሁሉ በርቶ ሳለ ኢንተርኔት የሌለ እንደ ሆነ፣ ነገሩ ከሣጥኒቱ ወዲያ ነው። ፋይበር በገባበት ቤት፣ ከኢትዮ ቴሌኮም በመጣው መሣሪያ ላይ «ፖን» እና «ሎስ» የሚሉ ሁለት መብራቶች አሉ። ፖን ጸንታ አረንጓዴ ስትሆን መሣሪያው ከጣቢያው ጋር ተግባብቷል፤ ስትርገበገብ ገና ለመግባባት ይሞክራል። ሎስ ቀይ ስትሆን ብርሃኑ በፋይበሩ በኩል አይደርስም፤ ስለዚህ የሃቧን ኬብል መነቃቀል ምንም አይጠቅምም። ወደ መሣሪያው የሚገባው ቀጭን ገመድ በሳጥን ወይም በሶፋ ተጭኖ፣ አለዚያም ታጥፎ እንደ ሆነ ማየት ይቻላል፤ ጫፉን ነቅሎ በዓይን መመልከት ግን አይገባም፤ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ለዓይን የማይታይ የሌዘር ብርሃን ነውና። ገመዱ ደኅና ሆኖ ሎስ አሁንም ቀይ ከሆነች፣ ወደ 994 ደውሎ ለሚያነሣው ሠራተኛ «ኢንተርኔት የለም» ከማለት ይልቅ፣ «ፓወር በርቷል፣ ፖን ጠፍቷል፣ ሎስ ቀይ ነው» ብሎ፣ ብሎኩንና የቤቱን ቁጥር ጨምሮ መናገር ነው።