ቀዩ ይቅደም

የዓድዋ ኬክ ሲሠራ ብዙ ቤት የሚደገም ስሕተት አለ። ይህ ጸሐፊ ወለንጪቲ ውስጥ በአንድ ግቢ የካቲት 22 ማምሻውን ተመልክቶታል። ሦስት ስስ ኬኮች ተጋግረው ቀዝቅዘዋል፤ ልጆቹ ተራ ይዘዋል። ትልቁ አረንጓዴውን ትሪው ላይ አኖረ፤ እኅቱ ቢጫውን ደረበች፤ ትንሹ ቀዩን ከላይ አሳረፈ። በማግስቱ ቢላዋ ሲገባበት የወጣው ቁራሽ የተገለበጠ ሰንደቅ ዓላማ ሆነ።

በልጆቹ አይፈረድም። ቀለሞቹን የሚያውቋቸው «አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ» ብለው ከላይ ወደ ታች ቆጥረው ነው። ኬክ ግን እንደ ግድግዳ ከታች ይነሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 3 አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመሐል፣ ቀዩ ከታች ሆነው በእኩል መጠን በአግድም እንዲቀመጡ ይደነግጋል። ስለዚህ ትሪው ላይ ቀድሞ የሚያርፈው ቀዩ ነው። «እኩል» የምትለው ቃልም ለልጅ ሥራ ታስገኛለች፤ ሊጡን ለሦስት ሲያካፍል በአንድ ብርጭቆ ይስፈረው።

ፉርኖ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቤኪንግ ፓውደርና ውሃ ይበቃሉ። ስኳሩ ለወለንጪቲ የጎረቤት ምርት ነው፤ ከተማዋ ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ፣ በ1946 ዓ.ም. ማምረት በጀመረው ወንጂና በመተሐራ መካከል ትገኛለች። ኦቨን የሌለው ወፍራም ድስት ይጣድ፤ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ለዘብ ያለ እሳት ያግኘው።

እንቁላልና ቅቤ ያልተጠሩት ተረስተው አይደለም። የካቲት 23 ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። በ2017 እና በ2018 ደግሞ ረመዳንም አብሮ ገጠመ። እንዲህ ባለ ዓመት የሰፈሩ ልጆች የሚሠሩት ኬክ የጾም ሆኖ የሚቆረጠው ከመግሪብ በኋላ ቢሆን፣ ከማዕዱ የሚቀር ጎረቤት አይኖርም።

ከሁሉ የሚያስደስተው ግን ቀለሙ ነው። ከሱቅ የሚገዛ የምግብ ቀለም ሥራውን ያቀላል፤ የጓዳው ቀለም ግን ጠባይ አለው፤ ልጅ የሚማረውም ከጠባዩ ነው። የጾም ኬክን ብዙዎች በሶዳና በኮምጣጤ ያስነሱታል። ኮምጣጤው ያላበረደው ሶዳ ሊጡ ውስጥ ከቀረ እርዱን ወደ ሸክላ ቀለም ይለውጠዋል፤ ቢጫ ይሆናል የተባለው ኬክ ሁለተኛ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ሶዳን በሻይ ማንኪያ ከመስፈር ይልቅ በግምት መነስነስ የለመደ ሰው ይህን ልማዱን ሊተው ይገባል። ለቢጫው ቤኪንግ ፓውደር ይሻላል፤ አሲዱ አብሮት ተቀላቅሏል። ልጆቹ ምክንያቱን እንዲያዩ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እርድ በውሃ በጥብጦ ቁንጥር ሶዳ ጣል ማድረግ ነው። ወዲያው ይቀላል፤ ሎሚ ሲንጠባጠብበት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ይህን አይቶ «ይደገም» የማይል ልጅ አይገኝም።

ቀይ ሥር በበኩሉ ሙቀት አይችልም። ሊጥ ውስጥ ከገባ እሳቱ ያጠወልገዋል፤ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ኬኩ ነጭ ሆኖ ይጋገር፤ ሲቀዘቅዝ ሎሚና ስኳር የገባበትን የቀይ ሥር ጭማቂ በማንኪያ ይጠጣ። ሎሚው ቀለሙን ያጸናዋል። ያው ሎሚ የቆስጣውን አረንጓዴ ሲነካ ግን የደረቀ ቅጠል ያስመስለዋል። አረንጓዴውን የሚጠብቀው ቢጫውን ያበላሸው ሶዳ ነው፤ በጣም ትንሽ ከሆነ።

ወለንጪቲ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ለባሕር ዳርቻ ከተሞች የተጻፈ አሠራር የሚያዘው ማስነሻ ይበዛባታል። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይሰረጉዳል። ትንሽ መቀነስ ነው።

ማስጌጡ ላይ ሲደረስ አዋቂዎች «እንዳታበላሹት» ብለው ልጆቹን ገለል ያደርጋሉ። ይህ ተገቢ አይደለም። ደቃቅ ስኳር በጥቂት ውሃ ተለውሶ ንጹሕ ላስቲክ ውስጥ ይግባ፤ የላስቲኩ ጫፍ ይቆረጥና ልጁ ይጭመቀው። መስመሩ ቢጣመምም የእሱ መስመር ነው። ለዓርማው ሰማያዊ ክብ ከአዳማ ገበያ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ጥቅል ጎመን ማምጣት ነው። የተቀቀለበት ውሃ ቁንጥር ሶዳ ሲገባበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ሶዳው ከበዛ ወደ አረንጓዴ ያልፋል። ኮከቡና ጨረሮቹ በእርድ በቀለመ ስኳር ይሣላሉ፤ ግን ሰማያዊው በደንብ ከደረቀ በኋላ ይሁን፤ አለዚያ ሶዳው እርዱን ያገኘዋል።

ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ይውላል፤ በ2016 እንዲያውም ሁለቱ በአንድ እሑድ ተገናኝተዋል። ያን ጊዜ እንቁላሉም ቅቤውም ይመለሳሉ። እርዱ በግማሽ ይቀነሳል፤ አስኳሉ ራሱ ቢጫ ነው።