ብስክሌቶቹ የት ይጫኑ?

ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ ላይ ጋሪ የተሳፈረ ሰው፣ ባለጋሪው ዘወር ብሎ «እስቲ ወደ ፊት ጠጋ በሉ» ሲል ሳይሰማ አይቀርም። ክብደቱ ከጎማዎቹ ወደ ኋላ ካለፈ በፈረሱ ግራና ቀኝ የሚያልፉት እንጨቶች ሽቅብ ይነሳሉ፤ ሆዱ ሥር ያለው ጠፍርም እንስሳውን ይሰቅዘዋል። አሜሪካ መጥቼ ተሳቢ ቤት መጎተት ስማር ነገሩ የገባኝ ያን ጋሪ ሳስታውስ ነው።

ተሳቢ ቤት አልጋውን፣ ምድጃውንና መታጠቢያውን ይዞ ከፒክአፕ ኋላ የሚጎተት ቤት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ከምንኖረው ሐበሾችም በበጋ ተከራይተውት ልጆቻቸውን ይዘው የሚወጡ አሉ። ለብስክሌት ደግሞ አካባቢው የታደለ ነው፤ ከጆርጅታውን ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ እየተከተለ ከምበርላንድ የሚደርሰው የድሮው የቦይ ዳር መንገድ ብቻ 184.5 ማይል፣ 297 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ብስክሌቶቹን ለመጫን አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው የተሳቢውን ጀርባ ነው፤ ሰፊና ባዶ ስለሆነ ይጋብዛል። እኔ ግን ሌላ አማራጭ እያለ አልነካውም።

በቁጥር እንየው። ተሳቢ ሳይወዛወዝ እንዲሄድ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው የፒክአፑ መጎተቻ ኳስ ላይ ማረፍ አለበት። 2,000 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ 220 ኪሎውን ኳሱ ላይ ጥሏል እንበል፤ 11 በመቶ፣ ደህና ነው። አሁን ከጀርባው መስቀያና ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች፣ በድምሩ 80 ኪሎ ጫንን። ከኳሱ እስከ አክስሉ 5 ሜትር፣ ከአክስሉ እስከ ብስክሌቶቹ 3.5 ሜትር ከሆነ ኳሱ ላይ ያረፈው ክብደት በ56 ኪሎ ይቀንሳል። 164 ኪሎ ቀረ፤ ከ8 በመቶ በታች ወረደ ማለት ነው። እንዲህ የሆነ ተሳቢ ነፋስ ሲመታው ወይም ከባድ መኪና በአጠገቡ ሽው ሲል ጅራቱን ማወዛወዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ የፒክአፑን ፍሬን መርገጥ ያባብሰዋል። መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ እግርን ከነዳጅ አንስቶ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው መያዝ ነው የሚያድነው።

የተሳቢ ፓራውልት ደግሞ ብዙ ሰው ያታልላል። ብዙዎቹ ላይ ያለው ጎኑ 4 ኢንች የሆነ፣ ከስስ ብረት የተሠራ ባዶ ቱቦ ነው፤ ጫፉን ከፍቶ ያየ ሰው ውስጡ የሚያገኘው የፍሳሽ ማስወገጃውን ላስቲክ ነው። ተሳቢው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጅራቱ ዘሎ ይወርዳል፤ 80 ኪሎውም ቱቦውን ይጠመዝዘዋል፣ ከሻንሲው ጋር ያያዘውን ብየዳ ይሰነጥቀዋል። ለመኪና የተሠሩ ብዙ መስቀያዎች ተሳቢ ላይ እንዳይታሰሩ መመሪያቸው የሚከለክለው ለዚህ ነው። የግድ ከኋላ ይሁን ያለ ሰው ሻንሲው ላይ የታሰረ መያዣና ለተሳቢ ተብሎ የተሠራ መስቀያ ይፈልግ፤ የኳሱንም ክብደት እንደገና ይመዝን።

የእኔ ምርጫ የፒክአፑ የጭነት ሳጥን ነው። ተሳቢው አይነካም፤ ብቻ ፒክአፑ እንዲሸከም ከተፈቀደለት ክብደት ውስጥ ኳሱ ላይ ያረፈውም እንደሚቆጠር አይረሳ። በተሳቢው አፍንጫ፣ ከጋዝ ሲሊንደሮቹ በላይ የሚታሰር መስቀያም አለ። እሱ ኳሱን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም፤ ነገር ግን ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ በግራም በቀኝም ጥምዝዝ ብሎ መዞርና የብስክሌቱ መሪ የፒክአፑን የኋላ መስታወት እንደማይነካ ማየት ያስፈልጋል። ፖርቶ መጋላ ለቀላል ብስክሌት ይሆናል፤ ግን ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው ጋራዥ ሲገቡ ብስክሌቱ ከላይ መኖሩን መርሳት ቀላል ነው።

አስተሳሰሩ ላይ ጎማውን የሚይዝ መስቀያ ይሻላል፤ በተለይ የካርቦን ብስክሌት አግዳሚው ሲጨመቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። የኤሌክትሪኩ ባትሪ ይነቀል፤ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ዝናብም አያገኘውም። የአንዱ ፔዳል የሌላውን ቀለም እንዳይፍቅ መሃላቸው ጨርቅ ይግባ። ሸራ ማልበስ ጥሩ ቢመስልም በአውራ ጎዳና ፍጥነት ነፋስ ይሞላበትና መስቀያውን ይጎትተዋል። ታርጋ፣ የኋላ መብራትና ፍሬቻ መሸፈንም በብዙ ስቴቶች ያስቀጣል።

መጀመሪያ በወጣሁበት ቀን የመስቀያውን ብሎኖች ሁሉ ከቤት ስነሳ አጥብቄአቸው ነበር። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሄጄ ነዳጅ ለመቅዳት ስወርድ አንዱን ዳዶ ነካሁት፤ ያለ ቁልፍ፣ በሁለት ጣቴ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ የሚቀመጠው በሾፌሩ በር ኪስ ውስጥ ነው።