564 ሊትር ናፍጣ ወዴት ሄደ?
(የፍሰት ኮምፒዩተር አሠራር)

አንድ ቦቴ መኪና ጅቡቲ ላይ 40,000 ሊትር ናፍጣ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ እንበል። ሲጫን የናፍጣው ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ደርሶ ሲራገፍ ግን ወደ 18 ዲግሪ ቀዝቅዟል። ሲለካ የተገኘው 39,436 ሊትር ብቻ ነው። 564 ሊትር ጎደለ ማለት ነው፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 28 ሞልቶ ይተርፋል። ታዲያ ማን ወሰደው? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚጠረጥረው ሾፌሩን ነው። ይሁን እንጂ ሾፌሩ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳይነካ ይህ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ሁላችንም የተማርነው፣ ነገም የምናስተምረው የፊዚክስ ትምህርት ነው። ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ናፍጣ በእያንዳንዱ ዲግሪ የሚሰፋው ወይም የሚኮማተረው የመጠኑን 0.00083 ያህል ነው። ልዩነቱ 17 ዲግሪ ስለሆነ 40,000 × 0.00083 × 17 = 564 ሊትር ይሆናል። የናፍጣው ክብደት አልተለወጠም፤ የጠበበው የያዘው ቦታ ነው።

ይህን ሂሳብ በትልልቅ የነዳጅ ዴፖዎችና በቧንቧ መስመሮች ላይ ያለ ዕረፍት የሚሠራ መሣሪያ አለ። የፍሰት ኮምፒዩተር ይባላል። ራሱ ፈሳሹን አይነካም። ቧንቧው ላይ ከተገጠሙ መለኪያዎች ምልክት ይቀበላል፣ ያሰላል፣ ውጤቱን ይናገራል። እነዚህን ሦስት ሥራዎች በየተራ እንመልከት።

1ኛ/ መቀበል
በቧንቧው ውስጥ ተርባይን ቆጣሪ የሚባል ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ አለ። ፈሳሹ ሲገፋው ይዞራል። ከቧንቧው ውጭ ማግኔትና የሽቦ ጥምጥም ተገጥሟል። አንድ ክንፍ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር በሽቦው ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይፈጠራል። የብስክሌት ዳይናሞ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የሁለቱም መሠረት ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 የደረሰበት ሕግ ነው።

ሙቀቱን የሚለካው ብዙውን ጊዜ የፕላቲኒየም ሽቦ ነው። ሬዚስታንሱ በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 138.5 ኦም ነው። ስለዚህ ኦሙን ያወቀ ሙቀቱን አወቀ ማለት ነው። የግፊት መለኪያው ደግሞ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር ኮረንቲ ይልካል። ለምን ከ0 አልጀመረም? ግፊት ከሌለ 4 ሚሊአምፒር ይመጣል፤ ሽቦው ከተበጠሰ ግን ምንም አይመጣም። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን በዚህ ይለያቸዋል። ክፍል ውስጥ ዝም ያለ ተማሪና ከክፍል የቀረ ተማሪ አንድ አይደሉም እንደማለት ነው።

2ኛ/ ማስላት
ቆጣሪው በአንድ ሊትር 50 ምት ይሰጣል እንበል። በአንድ ሴኮንድ 1,500 ምት ቢደርስ፣ 1,500 ÷ 50 = 30 ሊትር በሴኮንድ ያልፋል ማለት ነው። እስከዚህ ቀላል ነው፣ አይደለም እንዴ?

ችግሩ ቆጣሪው ማርጀቱ ነው። የብስክሌት ጎማ አየር ሲጎድለው በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ እንደሚያጥር፣ ቆጣሪውም ከጊዜ ብዛት ምቱ ይዛባል። ስለዚህ እሱም ፈተና ይቀመጣል። ፈሳሹ ይዘቱ በትክክል በታወቀ ቧንቧ ውስጥ አንድ ኳስ እየገፋ ያልፋል። ኳሱ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሁለተኛው ሲደርስ 1,000 ሊትር አለፈ እንበል። በዚያ ጊዜ ቆጣሪው 50,100 ምት ከሰጠ 1,002 ሊትር ብሏል፤ 2 ሊትር አጋኗል። ማረሚያው 1,000 ÷ 1,002 = 0.998 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ንባቡን ሁሉ በዚህ ቁጥር ያባዛል።

ቀጥሎ የሙቀት እርማት ይመጣል። በብዙ አገሮች መጠኑ የሚነገረው ፈሳሹ 15 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ በሚይዘው ቦታ ነው። እስቲ የቦቴያችንን ሂሳብ እንሥራ፦

ሲጫን፦ ከ15 በላይ 20 ዲግሪ ነው። 20 × 0.00083 = 0.0166። 40,000 × 0.9834 = 39,336 ሊትር።
ሲራገፍ፦ ከ15 በላይ 3 ዲግሪ ነው። 3 × 0.00083 = 0.00249። 39,436 × 0.99751 = 39,338 ሊትር።

ልዩነቱ 2 ሊትር ብቻ ሆነ! እሱም የመጣው አቋራጭ ቀመር ስለተጠቀምን ነው፤ እውነተኛው ኮምፒዩተር የፈሳሹን እፍግታ ጭምር የሚያስገባ የረቀቀ ቀመር አለው። ግፊትም ፈሳሹን በጥቂቱ ስለሚጨምቀው እሱም ይታረማል፤ ውጤቱ ግን ከሙቀት ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው።

3ኛ/ መናገር
ኮምፒዩተሩ አሁን በሴኮንድ ስንት ሊትር እንደሚያልፍ፣ በዚህ ጭነት ስንት እንዳለፈ፣ ከተተከለ ጀምሮ ደግሞ ጠቅላላው ስንት እንደሆነ ያሳያል። ጠቅላላ ድምሩ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ተደርጎ ይሠራል። ጭነቱ ሲያልቅ ያልታረመውንና የታረመውን መጠን ለየብቻ ጽፎ ደረሰኝ ያትማል፤ ወሬውን በሽቦ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ይልካል። መለኪያ ከተበላሸ ወይም ፍሰቱ ከልክ ካለፈ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይሰጣል።

እጩ መምህራን ጓደኞቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሂሳቡን የማያውቅ ሰው በሁለት በኩል ይሳሳታል። ሙቀት የቀነሰውን ሰው ሰረቀው ብሎ ንጹሑን ይከስሳል፤ ወይም ደግሞ «ሙቀት ነው» ሲሉት አምኖ ሌባውን ያሳልፋል። ለምሳሌ ያ ቦቴ 800 ሊትር ጎድሎት ቢመጣ፣ ሙቀት የሚመልሰው 564ቱን ብቻ ነው። ለቀሪው 236 ሊትር ሌላ መልስ ያስፈልጋል።

ይህን ለተማሪ ለማሳየት ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ጠርሙስ ውስጥ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ እስከ አፉ ሙሉ፤ በክዳኑ ቀጭን የእስክሪፕቶ ቀፎ አስገብታችሁ ዙሪያውን በሰም ድፈኑ። ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ስታቆሙት ቀለሙ ቀፎው ውስጥ ከፍ ይላል፤ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። ከዚያ የሾፌሩን ሂሳብ ሰሌዳ ላይ ጻፉና ፍርዱን ለተማሪዎቹ ተዉላቸው።